ማስተካከያ፦ የነጻነት ሐውልትን የቀረጸው ኤፌል አይደለም

ስለ ኒውዮርኩ የነጻነት ሐውልት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ጉስታቭ ኤፌል የቀረጸው፣ ከመዳብ ብቻ የተሠራ» የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ሁለቱም መታረም አለባቸው። ቅርጹን ያወጣው ፈረንሳዊው ቀራፂ ፍሬደሪክ ኦጉስት ባርቶልዲ ነው። መሐንዲሱ ኤፌል የነደፈው ከውጭ የማይታየውን የብረት ማዕቀፍ ሲሆን፣ ሥራውን የተረከበውም አርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ እ.ኤ.አ. በ1879 ከሞተ በኋላ ነው።

መዳቡ ውፍረቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ቆዳ ነው፤ ብቻውን ሊቆም አይችልም። ክብደቱን የሚሸከመው በመሐል የቆመው የብረት ምሰሶ ነው። መዳቡ ከምሰሶው ጋር የተያያዘው በሚተጣጠፉ ጠፍጣፋ ብረቶች ስለሆነ፣ ነፋስ ሲገፋውና ሙቀት ሲለጥጠው ሳይሰነጠቅ ይንቀሳቀሳል። የኤፌል ድንቅ ብልኃት ይህ ነው፤ በዚህ ሊመሰገን ይገባል እንጂ የባርቶልዲን ድርሻ ሊወስድ አይገባም።

«የውስጡ ብረት እንዳለ የጥንቱ ነው» የተባለውም ትክክል አይደለም። ብረትና መዳብ በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ብረቱ ይበላል፤ በመካከላቸው የገባው መከላከያም ከጊዜ ብዛት አልቆ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተደረገው እድሳት መዳቡን በቀጥታ የሚደግፉት ብረቶች በማይዝግ ብረት ተተክተዋል። የመሐሉ ዋና ምሰሶ ግን ዛሬም የኤፌል ነው።