የመንዝ በግ ሱፍም ክር ይሆናል
በሹራብ ሥራ ክፍላችሁ ከውጭ በመጣ ክር ስለተሠራ ሹራብ ስትጽፉ «የአገራችን በግ ለሥጋ እንጂ ለክር አይሆንም» ብላችኋል፤ ይህ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የመንዝ ደጋ በግ እየተሸለተ፣ ሱፉ በእንዝርት እየተፈተለ ባና እና ዝተት የሚባሉ ወፍራም የሱፍ ልብሶች ሲሠሩበት ኖረዋል፤ እኔም ያደግሁት ባና ለብሼ ነው። ሸካራ ጸጉርና ለስላሳ ሱፍ ተቀላቅሎ ስለሚበቅል አንገት ላይ መቆርቆሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከመፈተሉ በፊት ረጃጅሙ ጸጉር በእጅ ከተለቀመ፣ ከሸሚዝ በላይ የሚለበስ ሹራብ፣ ኮፍያና ወፍራም ካልሲ ይወጣዋል፤ ብርድም አያስገባም። ከላይ በአስተያየታቸው ስለ ሱፍ ሹራባቸው «ሳጥበው ተጣብቆ ተበላሸብኝ» ላሉት እህት፦ ሱፍን የሚያጣብቀው ሙቅ ውኃና ማሸት ሲገናኙ ነው። ለብ ባለ ውኃ በሳሙና ይዘፍዝፉት፣ ሳያሹ በዚያው ሙቀት ባለው ውኃ ያለቅልቁት፣ ጥላ ውስጥ ያስጡት። ከጽሑፋችሁ ጋር የወጣው የሹራቡ ፎቶግራፍ ግን ሥራውን በድሎታል፤ ጥቁር ሹራብ በካሜራ ብልጭታ ሲነሣ የአሠራሩ ቋጠሮ አይለይም፣ መስኮት አጠገብ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ቢነሣ ግን እያንዳንዱ ቋጠሮ ይታያል። በሚቀጥለው ሳምንት ከውጭ ከሚመጣው ክር ጎን የመንዙንም ክር ብታሳዩን የፈታዮቹ ድካም ገበያ ያገኛል።