ኳ ኳ ሲል ሁሉም መካኒክ

ሞተር ሳይክል ያለው ሰው አማካሪ አያጣም። በሰላም ሲነዳ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሞተሩ "ቅጭል ቅጭል" ማለት የጀመረ ዕለት ግን ገና ሳይወርድ ይከቡታል።

ሁሉም የሚያገኝበት የየራሱን በሽታ ነው። ባለፈው ዓመት ፒስቶን ያስቀየረው ሰው ሞተሩ ሳይነሳ "ፒስቶን ነው" ይላል። ኪሱ የማያሳስበው "ሽጠህ ተገላገል" ይላል። ነድቶ የማያውቀው ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ "ለመሆኑ ዘይት የቀየርከው መቼ ነው?" ይላል። ተንኮለኛው ይሄ ነው። ምንም ብትመልስ ጥፋተኛ ነህ። የሚያናድደው ደግሞ አንዳንዴ ልክ መሆኑ ነው፤ ዘይት ሲያንስ ሞተር ይጮኻል።

እኔን የሚያስቀኝ ባለ ካቻቪቴው ነው። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ዘዴው የምር ይሠራል። ብረት ድምፅ ያስተላልፋል፤ ኳኳታው የት እንደሚጎላ ይለያል። ችግሩ ሰውዬው እያዳመጠም ያወራል።

ዝም የሚል ቢገኝ፣ ድምፁ ራሱ አድራሻውን ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ኳ ኳ ብሎ ሲሞቅ ጸጥ ካለ፣ ፒስቶኑ በሙቀት እስኪሰፋ ሲሊንደሩ ውስጥ እየተላተመ ይሆናል። በዜሮ ማርሽ የሚንኳኳው ፍሪሲዮን ስትይዝ ከጠፋ፣ ወደ ፍሪሲዮኑ ተመልከት። ከላይ በኩል ፈጠን ያለ ቀጭን "ጠቅ ጠቅ" የቫልቭ ክፍተት መስፋት ሊሆን ይችላል። ከታች፣ ጭነት ሲበዛ የሚመጣ ወፍራም ድብደባ ከሆነ ግን ቀልድ የለም። ቢየላው፣ ማለትም ፒስቶኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ጋ ያለው ኩሽኔታ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን አጥፋ።

ንዝረትም ፈተና አለው። እየነዳህ ፍሪሲዮን ያዝና የጋዝ መስጫውን መልስ። መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ሞተሩ ነጻ ነው፤ ጎማና ካቴና ይጠየቁ። ይህ ምርመራ ምንም አያስወጣም። የሚያምነው የጠፋውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞ አንድ ሲሊንደር ያለው ሞተር ተፈጥሮው መንቀጥቀጥ ነው። ፒስቶኑ ብቻውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ የሚያመዛዝነው አቻ ፒስቶን የለውም። ማመዛዘኛ ዘንግ ቢገጠምለት እንኳ ይቀንስለታል እንጂ ጨርሶ አያጠፋለትም።

ለነገሩ በሽታ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ዋጋው ነው። የሃርሊ ዴቪድሰንን ቪ ሞተር ተመልከቱ። ሁለቱ ሲሊንደሮቹ እንደ V ፊደል በ45 ዲግሪ ተከፍተው ሁለቱም ቢየላዎች የዘንጉ አንድ ፒን ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ፍንዳታው እኩል አይራራቅም፤ አንዴ ዘንጉ 315፣ አንዴ 405 ዲግሪ ሲዞር ይመጣል። የሌላ ሰው ሞተር እንዲህ ቢንገዳገድ "ተበላሽቷል" እንለዋለን። ኩባንያው ግን በ1994 ድምፁን በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ብሎ አመለከተ። ተፎካካሪዎቹ ተቃወሙና በ2000 ተወው። ደረቅ፣ ማለትም ዘይት ውስጥ ያልተነከረ፣ ፍሪሲዮን ያላቸው የዱካቲ ሞተር ሳይክሎችም ቆመው ሳለ ይንኳኳሉ። ከባለቤቶቻቸው መካከል ኳኳታው ይበልጥ እንዲሰማ ክፍት የፍሪሲዮን ክዳን ገዝቶ የሚያስገጥም አለ! ርካሹ ሲንኳኳ በሽታ፣ ውዱ ሲንኳኳ ግርማ ሞገስ።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የላላ ቡሎን ነው። የስፖኪዮ፣ የታርጋ፣ ወይ የማርሚታው መከለያ ቡሎን። ይህ ሲታወቅ የከበበህ ሰው ሁሉ ቅር ይለዋል። ለላላ ቡሎን ማን ከንፈር ይመጥጣል? ለማግኘትም ሊቅ አያስፈልግም። ሞተሩን አስነስተህ እነዚህን በየተራ በእጅህ ተጫን። ስትጫነው ጸጥ ያለው እሱ ነው። ወፍራም ጓንት ብቻ አትርሳ። የጋለ ማርሚታ በባዶ እጅ ከነካህ የሚጮኸው ሞተሩ አይሆንም።