ሳንባ ብረት አይደለም፤ በቫይታሚንም አይወለወልም

ባለፈው ሳምንት አንድ የጤና ባለሙያ በሬዲዮ ቀርበው የተናገሩትን ጅማ ውስጥ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እንደ እርሳቸው አባባል ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ኮቪድ የያዘው ሰው ሳንባው «በኦክስጅን ይዝጋል»፤ ስለዚህ በየቀኑ «የዝገት መከላከያ» ቫይታሚን መዋጥ፣ ሕመሙ ከበረታበትም በደም ሥር መውሰድ አለበት። አቅም ለሌለውም መላ አላጡም፦ ጅማ የቡና አገር ናትና ነዋሪዋ ሦስቱን ስኒ ካልዘለለ ግማሽ መድኃኒቱን ጠጥቷል አሉ።

ከቡናው ልጀምር። ቡና ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ባለሙያው «የዝገት መከላከያ» የሚሉት፣ ከኦክስጅን የሚፈጠሩ ጎጂ ሞለኪውሎችን የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር መኖሩ እውነት ነው፤ ከፊሉ ሲቆላ የሚጠፋ መሆኑም እንዲሁ። ነገር ግን ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ከቫይረስ የሚያድን ቢሆን ኖሮ ኮቪድ ጅማን ዘሎ ባለፈ ነበር፤ አልዘለላትም። ይልቅስ በክረምት በር ተዘግቶ የሚነደው ከሰልና ማገዶ የሚያወጣው ጭስ ራሱ ሳንባን ለኦክሲዴቲቭ ስትረስ፣ ማለትም እነዚህ ጎጂ ሞለኪውሎች ሲበዙ ለሚያደርሱት ጉዳት፣ ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ ነው፤ ይህን ግን ባለሙያው አላነሡትም። ስኒውን አመስግኖ ምድጃውን መርሳት ምን ዓይነት የጤና ምክር ነው?

ከሁሉ የከነከነኝ «ዝገት» የሚለው ቃል ነው። ብረት ዝም ብሎ በተቀመጠበት ይዝጋል። ሳንባ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ቫይረሱ የመተንፈሻ አካልን ሴሎች ሲወር ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ፤ ኦክስጅንንም ጀርም ሊገድሉበት ሆን ብለው ወደ ሱፐርኦክሳይድ፣ ከዚያም ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቀይሩታል፤ ኒውትሮፊል የሚባሉት ጭራሽ የበረኪና የቅርብ ዘመድ የሆነውን ሃይፖክሎረስ አሲድ ያመርታሉ። ይህን ዝገት ብሎ የሚጠራ ሰው ጥይትን ከቁስል ጋር አምታቷል። ይህን ጥይት የሚሠራው ኢንዛይም ሳይኖራቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ የባለሙያው ነገር ልክ ቢሆን ኖሮ እነዚህ የማይዝግ ሳንባ የታደሉ በሆኑ ነበር፤ እነርሱ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በባክቴሪያና በፈንገስ ኢንፌክሽን ሲሰቃዩ ይኖራሉ። ጥይቱ ሲበዛ ወገንን እንደሚመታ፣ የአየር ከረጢቶችን ግድግዳ ጎድቶ ፈሳሽ እንደሚያስገባባቸው አልክድም፤ በጽኑ ሕሙማን ደም ውስጥም የግሉታታዮን (ሰውነት ራሱ የሚሠራው አንቲኦክሲዳንት) ማነስና የተጎዳ ስብ ርዝራዥ መብዛት በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ውጊያው መክበዱን ይነግረን ይሆናል እንጂ ርዝራዡ በቫይታሚን ቢጠረግ በሽተኛው እንደሚድን አይነግረንም፤ ቀለህ ስለተለቀመ ተኩስ አይቆምም።

ደግሞም ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ ቤታቸው ሆነው ኮቪድን ያስታመሙ 214 ሰዎች የተሳተፉበት የከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ሲና ዚንክ ሙከራ ጥቅም ስላልታየበት ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። በ2022 የወጣው ይብሳል፦ ኢንፌክሽን ደማቸውን ከመረዘው የጽኑ ሕክምና ታካሚዎች መካከል ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ከተሰጣቸው 44.5 በመቶው ሞተዋል ወይም የአካል ክፍሎቻቸው ሥራ ተስተጓጉሎ ቀርቷል፤ ካልተሰጣቸው ግን 38.5 በመቶው። አይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ለሚጠቅስልኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ እማማ አይጥ አይደሉም።

እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት ሳል ሲጠናባቸው ልጃቸው ውኃ ውስጥ የሚፈላውን ብርቱካንማ ክኒን ሁለት ቱቦ ገዝታ መጣች፤ ቀጥሎም አንድ ክሊኒክ ውስጥ «ያበረታታል» ተብሎ ቢጫ ቫይታሚን የተቀላቀለበት ግሉኮስ ተተከለላቸው። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ፤ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ያደረገላቸው ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷቸው በባጃጅ ሆስፒታል ስናደርሳቸው መለኪያው 81 አለ። ያተረፋቸው «ዝገት ያመጣል» የተባለው ያው ኦክስጅን ነው፤ ከእርሱም ጋር ርካሹ የብግነት ማብረጃ መድኃኒት ዴክሳሜታዞን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱ የኮቪድ ሕሙማን ላይ ሞትን በሲሶ ያህል መቀነሱ የተረጋገጠው። እርሱም ቢሆን ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሕመምተኛ እንጂ ለጉንፋን አይደለም።

«ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለውን የባለሙያውን መዝጊያ ፊንላንድ ውስጥ ሲጋራ ለሚያጨሱት ወንዶች ይንገሩልኝ፤ ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1994 እንደታተመው የሳንባ ካንሰር የባሰ በዝቶባቸው ተገኝቷል። በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሰው ቫይታሚን መስጠትን አልቃወምም፤ ያ ግን ሌላ በሽታ፣ ሌላ ሕክምና ነው። የእማማ ልጅ ለክኒኑና ለግሉኮሱ ያወጣችው ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን የባጃጅና የካርድ ይሆን ነበር፤ እርሷ የሠራችው ግን በሬዲዮ የሚነገረውን ነው።

ጣቢያው ባለሙያውን መልሶ ይጋብዛቸውና ትንፋሽ ያጠረው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም መለኪያው ከ90 በታች ያሳየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል እንዲሄድ ይናገሩ። ለሦስት ስኒ ቡና ያን ያህል ሰዓት ከተገኘ ለዚህ ሁለት ደቂቃ አይጠፋም።