ይማርህ ያጣ ማስነጠስ

ዛሬ ጠዋት አስነጠስኩ። ሦስት ጊዜ፣ ተከታትሎ፣ የጣራው ቆርቆሮ እስኪንኳኳ። ከዚያ እንደ ልማዴ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። የእኔን ክፍል ከአከራዬ ጓዳ የምትለየው አንዲት የጭቃ ግድግዳ ናት፤ እዚያ ሽንኩርት ሲከተፍ እዚህ የእኔ ዓይን ያለቅሳል። አራት ዓመት ሙሉ ባስነጠስኩ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ «ይማርህ!» ይመጣል፤ እኔም «ያኑርዎ እማማ!» እላለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል ሳንለዋወጥ የምንውልበት ቀን አለ፤ ይበቃን ነበር። ዛሬ ግን ምንም። መክተፊያው ላይ ሲንኳኳ የነበረው ቢላ እንኳ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ የጓዳው መስኮት ጓ ብሎ ተዘጋ።

ከፋኝ። ያውም በማን ላይ? በእኔ ላይ! ዛሬ ሚያዝያ 20 ቀን 2012 ነው፤ በሬን ከዘጋሁ 43ኛ ቀኔ። መጋቢት 4 ቀን «የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነው» ሲባል ገና ሰው ሁሉ ቡርኪና ፋሶ የት እንደሆነች ሲጠያየቅ፣ እኔ ሳሙና እየቆጠርኩ ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በማግስቱ እኔ ተዘጋሁ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ሲታወጅ እኔ በራሴ አዋጅ ሥር ከገባሁ 23 ቀን ሆኖኝ ነበር። ፋሲካን ዶሮ ሳልቀምስ፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየሰማሁ፣ ብቻዬን በእንቁላል ፈሰክሁ። ዳቦ የሚያመጣልኝ የባለሱቁ ልጅ ፌስታሉን በር እጀታ ላይ ሰቅሎ፣ አንኳኩቶ ይሮጣል። መልስ የሚሰጠኝን ብር ሳይቀር በሳሙና አጥባለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ገመዱ ላይ ሁለት ባለ10 ብር ከካልሲዬ ጎን ተሰጥተዋል፤ አንዷ በመቆንጠጫ ተይዛ ትወዛወዛለች።

እንዲህ የሆነ ሰው ነው እንግዲህ የታመመው።

አዎ፣ አሞኛል። ማስነጠሱ ብቻ ቢሆን አቧራ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ብድግ ስል ራሴን ያዞረኛል። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ አፍጥጬ ምርመራ ጀመርኩ። ማን ነው ያስያዘኝ? ምልክቱ ሳይታይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል ብለዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ 14 ቀን ቆጠርኩ። በ14 ቀን ውስጥ ከሰው ጋር የተገናኘሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ከበር ውጪ ሆኖ ጮኸልኝ፣ እኔም ከውስጥ ሆኜ ጮህኩለት። ሁለተኛው ድመት ነው። ድመቱን ሰው ውስጥ የቆጠርኩት የጎረቤት ስለሆነና የማይገባበት ቤት ስለሌለ ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ሎሚው ተጠረጠረ፣ ከሎሚው ቀጥሎ ፌስታሉ። ፌስታሉን ከነካሁ በኋላ እጄን 20 ሰከንድ ታጥቤ ነበር ወይስ 15? ሲነጋጋ በመቆንጠጫ የተያዘችው ብር ላይ ደረስኩ። እሷን ሳስበው ዳሯን በደንብ ያጠብኳት አይመስለኝም።

ሙቀቴን ለካሁ። 36.4። መለኪያውን አራግፌ ሌላኛው ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። 36.7። በአንድ ሌሊት ስምንት ጊዜ ለክቼ ትኩሳት አጣሁ፤ ትኩሳት በማጣቴም ተናደድኩ። ሰው ሲያመው ማስረጃ ይፈልጋል።

አያቴ የምትወዳት አንዲት ተረት አለች፦ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል»። ለሁሉም ነገር ትጠቀምባታለች። ወጥ ሲያርባት፣ ጎረቤት መሬት ሲገፋባት፣ አጎቴ የማትወዳትን ሴት ሲያገባ፣ ያቺው ናት። ልጅ ሆኜ ቤት ስለምትመታ ብቻ እውነት ትመስለኝ ነበር። አሁን ሳስባት ግን ጨካኝ ተረት ናት፤ ለፈራ ሰው ማምለጫ አትሰጥም። ብትፈራ ይደርስብሃል፤ ባትፈራስ? ስለማይፈራው ሰው ምንም አትልም። እሱማ አሁን በዚህ ሰዓት ሠፈራችን ጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ብርሌ እያስተዛዘለ ነው፤ ሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ማስክ አለው፤ አገጩን ሸፍኖበታል። አገጩን ኮሮና እንደማይዘው እርግጠኛ ነኝ። እሱ ጤነኛ ነው። እኔ 43 ቀን ተዘግቼ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል። ይህን ፍትሕ ነው የሚለኝ ካለ በሁለት ሜትር ርቀት ይምጣና ይንገረኝ።

ሌላም ተረት አለ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»። እሺ፣ ለማን ልንገር? የኮሮና ጥቆማ መቀበያው 8335 ላይ ደውዬ አመመኝ ብል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አምቡላንስ በኮብልስቶኑ እየተንገጫገጨ ይመጣል፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ ሰዎች ይወርዳሉ፤ የሠፈሩ ልጆች እንደ ሠርግ መኪና ከኋላ ይሮጣሉ። እኔ ገና ለይቶ ማቆያ ሳልደርስ ባለሱቁ ዱቤ መዝገቤን ይዘጋል። ምሽት ላይ የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለቱን ሪፖርት ሲያወጡ፣ ያው እንደምናየው ዕድሜና ፆታ፣ የውጭ አገር ጉዞ ነበረው አልነበረውም፣ ከታማሚ ጋር ንክኪ ነበረው አልነበረውም ተብሎ ይዘረዘራል። የእኔን ሲጽፉ ምን ሊሉ ነው? የጉዞ ታሪክ፦ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት። ንክኪ፦ ድመት። በመላው አገር የተገኘው ሰው ገና 150 አልሞላም፤ ከእነዚያ ውስጥ ቤቱን በሳንቃ ዘግቶ የታመመ አንድ ጅል ተብዬ ስታወስ መኖር አልፈልግም።

መስኮት መዘጋቱን አነሳሁ እንጂ የቆየ ቂሜን አልተናገርኩም። የታክሲ መስኮት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ከተማ ሕዝብ ጋር በመስኮት ተጣልቼ ኖሬያለሁ። ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ፣ ጥር ወር፣ እኩለ ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል የተባለ ሚኒባስ ውስጥ አሥራ ስድስት ነን። አንዱ ያስላል። አንዷ አዲስ ቅቤ ተቀብታ በፀሐዩ ይቀልጥላታል። ረዳቱ ክንዱን ዘርግቶ የጣሪያውን ብረት ሲይዝ ብብቱ ልክ አፍንጫዬ ላይ ነው። መስኮቱን እንደ ሌባ ቀስ አድርጌ አንዲት ጣት ያህል ከፈት አደርጋለሁ። ወዲያው ከኋላ፦ «ወንድም፣ መስኮቱን ዝጋው! ብርድ ሊያስመታን ነው እንዴ?»

የምን ብርድ? አስፋልቱ ይቀልጣል እኮ! አይ፣ ብርድ ባይመታ ምች ይመታል። ግራና ቀኙ ከተከፈተማ ሳንባ ምች ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በየትኛው ትምህርት ቤት አንድ ላይ እንዳስተማሩት አላውቅም። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና «የሳንባ ነቀርሳ እኮ የሚተላለፈው እንዲህ በተዘጋ ቦታ፣ በትንፋሽ ነው» ብዬ ተናገርኩ። ከጎኔ የነበሩ ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «ሟርተኛ!» አሉኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ ራሱ በመስታወት አይቶኝ ሳቀ። ስታዲየም ጋ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ፤ የከፈልኩት ሒሳብም እዚያው ቀረ። ያን ሒሳብ ዛሬም አልረሳሁትም።

ታዲያ ኮሮና መጣና ምን ሆነ? ባለሙያው ሁሉ በቴሌቪዥን ወጥቶ መስኮት ክፈቱ አለ። ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ሃያ ዓመት የታገልኩለት መስኮት በግራም በቀኝም ተከፈተ፣ ተጋፍቶ መቀመጥ ቀረ፣ ረዳቱም ብብቱን ሰበሰበ፤ እኔ ግን ቤት ነኝ። ድሌን ሌላ ሰው ተሳፈረበት። በቁጭት እኔም የቤቴን መስኮት ከፈትኩ። ቀንም ሌሊትም። የሚያዝያ ዝናብ እስከ አልጋዬ ጫፍ ሲረጭ እንኳ አልዘጋሁም። የመርህ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ጮክ ብዬ ባልናገረው የሚሻለኝ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ለጊዜው እንለፈው።

እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ በዋትስአፕ ደወለች። ድምፄን ሰምታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ አፍልተህ በባዶ ሆድ ጠጣ» አለችኝ። ከመጋቢት ጀምሮ በየጠዋቱ እየጠጣሁ ነው አልኳት። «ማታስ?» «ማታም።» «ፌጦ ጨምርበት።» አሜሪካ ሄዶ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ፌጦ ጨምርበት ሲል የሚሰማኝን ስሜት በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም። በቴሌግራም ከእኛ የወጣው መድኃኒት ሜሪላንድ ደርሶ፣ ዜግነት ቀይሮ ተመልሶ መጣ። በዚህ መሀል የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ለመከላከሉ ማስረጃ የለም ብሎ ጽፏል፤ ግን የዓለም ጤና ድርጅትን ማን ይሰማል፣ ዋናውን ወንበር የያዘው የእኛው ሰው ሆኖ ሳለ እንኳ።

እኛ በሽታ ሲመጣ ከጥንትም የምናውቀው ሁለት ነገር ነው፤ መጠጣትና መታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ሲተርፉ፣ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሲረግፍ፣ እስከዛሬ የተረፈን ጭሱ ነው። ይኸው ከ100 ዓመት በላይ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ኅዳር ሲታጠን እንላለን፤ ቆሻሻው ይጠረግና ይቃጠላል። ድሮ ቅጠልና ጭድ ነበር፤ አሁን ፌስታል፣ የተበላሸ ጀሪካን፣ የመኪና ጎማ ነው። አከራዬማ ባለፈው ኅዳር በረንዳ ላይ ያስቀመጥኩትን የስፖርት ጫማ ቆሻሻ መስሏቸው አቃጥለውብኛል፤ ግራውን ብቻ። ቀኙን ምን አድርገው እንደለዩት ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ቀን ከተማው ሁሉ በሽታ ላለመያዝ ሲያስል ነበር የዋለው።

ይህን እያሰብኩ ወለሉን በበረኪና መወልወል ጀመርኩ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክዳን በባልዲ ነበር፤ አሁን ክዳኑን ትቼዋለሁ፣ ከጠርሙሱ እንደወረደ ነው። የበሩን እጀታ፣ ጠረጴዛውን፣ ስልኬን፣ የድመቱን መግቢያ ወለወልኩ። ጎንበስ ብዬ አልጋ ሥር ስደርስ ጉሮሮዬ ከረከረኝና አስነጠስኩ። አራት ጊዜ። ባልዲውን አየሁት። ምድጃው ላይ የቆመውን የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ድስት አየሁት፤ 43 ቀን በባዶ ሆድ የተጋትኩት እሱ ደረቴን ቢያቃጥል ማን ይፈርድበታል? ወደ መስኮቱም ዞርኩ፤ ከመስኮቱ ግን ዓይኔን ቶሎ መለስኩ። ሃያ ዓመት ስከራከር የኖርኩትን ነገር ለአንድ ጉሮሮ ብዬ አልሸነፍም።

በሩ ተንኳኳ። ከፈት አደረግኩት። አከራዬ ግቢው መሀል ቆመዋል፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነዋል። ደፌ ላይ አንድ እፍኝ ዳማከሴ በጋዜጣ ጠቅልለው አስቀምጠው ወደ ኋላ ተመልሰው ነው የቆሙት። እንዲህ ይርቃሉ ብዬ አላስብም ነበር፤ ሁለት ሜትር አይደለም፣ አራት ይሆናል።

«ልጄ፣ እሱን እሽ አድርገህ ጨምቀው፣ ከቡና ጋር ጠጣው። ደግሞ ያንን መስኮት ዝጋ፤ ብርድ ነው የመታህ።»

«ብርድ አይደለም እማማ» አልኩ፣ ድምፄ ተዘግቶ። «በረኪናው ነው።»

«እሱማ እኔንም በግድግዳው እየገባ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ። እሳቸውም እንደገባኝ ገባቸው፤ በእጃቸው ጠብቀኝ እንደማለት ምልክት ሰጡኝ።

አስነጠሱ።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ እየጠበቁ። እኔ ደግሞ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ደግሞ ይማርዎ ማለት አይችልም። በሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ዳማከሴው ውጪ ቀረ፤ ማታ ጨለማ ሲሆን አነሳዋለሁ፣ መጀመሪያ በበረኪና አጥቤ።