ለድንበር እስከ ሰበር፣ ለሰው ሕይወት አንድ ወረቀት

የጎጃም ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ልወቅሳችሁ ነው። ሙግት አያውቁም ብሎ የሚያማችሁ የለም። ጎረቤት አንድ ክንድ መሬት ገፍቶ ቢያርስባችሁ ከወረዳ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ አልፋችሁም እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ትሄዳላችሁ። ስንቅ ቋጥራችሁ በቀጠሮ ስትመላለሱ ዓመታት ያልፋሉ። መኪና ልጃችሁን ሲገድል ግን አርባው ሳይወጣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጣችሁ ወረቀት ትፈርማላችሁ። ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

ሽምግልናን አልነቅፍም። ደም የሚደርቀው፣ ቂም ለልጅ ልጅ እንዳይወርስ የሚደረገው በሽማግሌ ነው። ነገር ግን ለተዝካር ማውጫ የተሰጣችሁን ገንዘብ ተቀብላችሁ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» በሚለው ላይ ስትፈርሙ፣ ሕጉ ያንን ስምምነት እንደ መጨረሻ ፍርድ ያየዋል። ኋላ ሟች ያሳድጋቸው የነበሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ ለማን አቤት ትላላችሁ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ራሱ ባያጠፋም ለጉዳቱ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ሾፌሩ ከወንጀሉ በነጻ ተለቀቀ ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁም ስሙ፤ በአንቀጽ 2149 መሠረት ያ ውሳኔ ካሳውን የሚያየውን ዳኛ አያስረውም። ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ ግን አጭር ነው። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደብ፣ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር አንቀጽ 2143 የሚሰጣችሁ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ «ሐዘናችን ይብረድ» እያላችሁ የምታሳልፉትም እሱኑ ነው። የዳኝነት ክፍያ የለንም አትበሉ፤ ድህነቱን ያስረዳ ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ መክሰስ ይችላል። በጸጥታው ችግር ፍርድ ቤቱ የተዘጋበትን ወረዳ ሰው አልወቅስም። ቃሌ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ለማይገባው ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን አንቀጽ 2116 ነው። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለሥቃይ፣ የሚፈረደው ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ቁጥሩ ሲጻፍ በሬዎች ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሙክት አይገዛም። ለሕክምናና ለቀለብ የሚጠየቀው ካሳ ይህ ጣሪያ የለበትም። ሆኖም ገቢ ያልነበረው ሕፃን ሲሞት፣ በዚህ ሕግ ከቀብር ወጪው ሌላ ለእናቱ የሚቀራት ይህችው 1,000 ብር ናት ማለት ይቻላል። ለዚህች ብር ማን ጠበቃ ይቆማል?

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያም በሕክምና ስሕተት ለሚደርስ ሥቃይ የሚከፈለው ካሳ እ.ኤ.አ. በ1975 በ250,000 ዶላር ተገድቦ ነበር። እዚያ የተጎጂ ጠበቃ የሚከፈለው ከተፈረደው ገንዘብ ላይ ስለሆነ፣ ደመወዝ የሌላቸውን የሕፃናትንና የአረጋውያንን ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ማግኘት ከባድ ሆነ። የተጎዱት ቤተሰቦች ግን ዝም አላሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሪያውን ከፍ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። እኛ ከ60 ዓመት በላይ ይህችን 1,000 ብር ተሸክመን ዝም ብለናል፤ ዝምታችንም ያሳፍረኛል።

ለምክር ቤት የምትመርጡትን ሰው ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ እንደምትጠይቁት ስለ አንቀጽ 2116ም አፋጥጡት። እስከዚያው አደጋ በደረሰበት ቤት ለቅሶ ስትደርሱ ቀኑን ጻፉላቸው፤ የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ እንዲያወጡ እርዷቸው። ሽማግሌ ወረቀት ይዞ ሲመጣም የሕግ ሰው ሳያነበው ማንም እንዳይፈርም ከልክሉ።