እርማት፦ ጣሊያን ውስጥ «ካልከፈሉ ባሕር አይገባም» የሚባለው

«ጃንጥላና አልጋ የተደረደረበት ባሕር ዳርቻ የግል ስለሆነ ካልከፈሉ ውሃው ጋ አይደርሱም» የተባለው ልክ አይደለም። ዳርቻው የመንግሥት ነው፤ መዝናኛው የያዘው የመጠቀሚያ ፈቃድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ ቁጥር 296 ደግሞ ባለፈቃዶች ማንንም ሰው በነፃ አሳልፈው ውሃው ዳር እንዲያደርሱ፣ እንዲዋኝም እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። የሚከፈለው ለአልጋው፣ ለጃንጥላውና ለልብስ መቀየሪያው ነው። በሩ ላይ «ወደ ውሃው ላልፍ ነው» ይበሉና ይለፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ማለፍ ማለት ፎጣ አንጥፎ መዋል ማለት አይደለም። ማዕበሉ የሚልሰው የዳር አሸዋ፣ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 5 ሜትር፣ ለመተላለፊያና ለነፍስ አድን ሥራ ክፍት መሆን አለበት። እዚያ ቢያነጥፉ ያስነሱዎታል፤ እውነታቸውንም ነው። ባለፈቃዱም ቢሆን አልጋ ሊደረድርበት አይችልም (ሲደረድር ግን ይታያል)። ተኝተው መዋል ከፈለጉ «ስፒያጃ ሊቤራ» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ነፃ ዳርቻ ማለት ነው።

በሩ ላይ ከከለከሉዎት የከተማውን ፖሊስ ይጥሩ። 1530 የባሕር አደጋ ስልክ ስለሆነ ለበር ጭቅጭቅ አይደወልበትም።