ስድስቱንም ያሰጠሟቸው አውሮፕላኖች አይደሉም
«ምጽዋ የቀሩትን ስድስት የጣሊያን ዲስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች) የእንግሊዝ አውሮፕላኖች አሰጠሟቸው» የሚለው ልክ አይደለም። ኤፕሪል 3 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፖርት ሱዳን ሲገሰግሱ በቦምብ የሰመጡት ሳውሮና ማኒን ብቻ ናቸው፤ የመቷቸውም የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የኢግል ስዎርድፊሽ የተባሉ አውሮፕላኖች ሲሆኑ፣ የተነሱት ግን ከመርከቧ ሳይሆን ከዚያው ከፖርት ሱዳን የምድር ማኮብኮቢያ ነው። ሊዮኔ ቀደም ብላ ከዓለት ተጋጭታ እሳት ስለተነሳባት ጥለዋት ወጡ። ባቲስቲ ሞተሯ ስለተበላሸ፣ ፓንቴራና ቲግሬ ደግሞ መመለሻ ስላልነበራቸው፣ በዓረቢያ ጠረፍ የራሳቸው ባሕርተኞች እንዲሰምጡ አድርገዋቸዋል። «ዲስትሮየሮቹ በደቡብ አፍሪካ ዞረው ለምን አላመለጡም?» ለሚሉ፦ የዲስትሮየር ነዳጅ ለዚያ ርቀት አይበቃም። በዚያ መንገድ ከምጽዋ ተነስተው ፈረንሳይ ወደብ ቦርዶ የገቡት አራቱ የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች እንኳ ባሕር ላይ ከጀርመን መርከቦች ነዳጅ መቀበል ነበረባቸው።